«ሰፈሩ ሰላም ነው» ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ!

ስልኬ የጮኸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የደወለችው የጓደኛዬ ታናሽ እህት ናት። «ሃሎ» አልኩ። መልስ የለም። የሚሰማኝ ትንፋሿ ብቻ ነው፤ ዳገት ሮጦ የወጣ ሰው ትንፋሽ። ጥቂት ቆየችና፣ «ሰላም ነው ያልከኝ ሰፈር ይሄ ነው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ውድ አንባቢያን፣ ያቺ ሌሊት እንዴት እንደነጋች እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። መልሼ ስደውል አይነሳም። ለወንድሟ እንዳልነግረው ምን ብዬ ልጀምር? «ሂጂ» ያልኳት እኔ ነኛ! «ሐዋሳን ለእኔ ተዪልኝ፣ ጥግ ጥጓን አውቃታለሁ» እያልኩ ደረቴን የነፋሁት እኔ ነኛ!

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ በአካውንቲንግ የተመረቀች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ስታሳድድ የከረመች ናት። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሐዋሳ ካለ አንድ የግል ድርጅት «ነይ» ተባለች። ቤተሰቡን ደስታና ጭንቀት እኩል ያዘው። «ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር!» አሉ እናቷ። ያኔ ነው እኔ አዋቂው ብቅ ያልኩት።

እኔ በ2009 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልህ ሲለኝ፣ ሐዋሳ ወርጄ አንድ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ውስጥ ሰባት ወር ታፔላ ስጽፍ ነበር። የተከራየሁት ወደ ሐይቁ ጠጋ ካለ ሰፈር ነው። ነፋሻ፣ ጸጥ ያለ፣ ዛፉ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፎ መንገዱን ጥላ ያለበሰበት ሰፈር። ከሥራ ወጥቼ፣ ፒያሳ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጬ ተቀምጬ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እያፏጨሁ ነበር የምገባው። አንድም ቀን ክፉ ነገር አልገጠመኝም። ስለዚህ «ሰፈሩ ሰላም ነው» አልኳት። ለእናቷም፣ «እማማ፣ እርስዎ አያስቡ፤ ከእኛ ሰፈር ይሻላል እንጂ አያንስም» አልኳቸው። እማማ መርቀውኝ ነው የወጣሁት።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ አልዋሸሁም። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ግን የማን እውነት? የ20 ዓመት ጎረምሳ እውነት!

አራት መቶ እርምጃ

ደላላው ቤቱን ያሳያት እሁድ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ ደማቅ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ልብ የሚያረጥብ፣ አባ ኮዳዎቹ ዛፍ ላይ ተኮፍሰው ቁልቁል የሚያዩበት ሰዓት። ግቢው ትልቅ ነው። አጥሩ ከፍ ያለ፣ በላዩ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ በሩ ላይ ዘበኛ ያለው። «ዘበኛም አለው!» ብላ በስልክ ስትነግረኝ ደስታዋ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። የሦስት ወር ከፍላ ገባች።

የመጀመሪያው ሳምንት ማር ነበር። ከሥራ የምትወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቤቷ ስትገባ ገና ብርሃን ነው። የወሩ መጨረሻ መጣ። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፣ የወር መጨረሻ ማለት ሒሳብ መዝጊያ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ «ዛሬ ሳያልቅ አይወጣም» አለ። ልጅቷ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አልፎ ወጣች። ባጃጅ ያዘች። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ደርሶ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ግባልኝ» አለችው።

«እህቴ፣ እዚያ ውስጥ በዚህ ሰዓት አልገባም» አላት። «ከገባሁም እጥፍ ነው።»

እጥፍ አልያዘችም። ወረደች።

ከአስፋልቱ እስከ ግቢዋ በር አራት መቶ እርምጃ ነው። ኋላ ላይ እኔው ራሴ ቆጥሬዋለሁ። በስተግራ የአንድ መጋዘን ረጅም የግንብ አጥር፤ አንድም በር የለውም። በስተቀኝ ታጥረው ሳር የበቀለባቸው ባዶ ቦታዎች። ሱቅ የለም። መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ ሴት የለችም። የመብራት ምሰሶ አለ፣ አምፖል ግን የለውም። መሀል ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል ሁለት ናቸው። ፈጠነች፤ ፈጠኑ። ሮጠች፤ ሮጡ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሲነጥቋት አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ስልኩ የተረፈው እጇ ላይ ስለነበረ ነው። በሩን በጡጫ ስትደበድብ ዘበኛው እንቅልፍ ወስዶታል። «ከፍቶ እስኪያስገባኝ ዓመት ነው የመሰለኝ» ትላለች። ቦርሳውን ብቻ ነበር የፈለጉት ወይስ ሌላም ነገር? አታውቅም። ማወቅም አትፈልግም።

ባለቤቲቱ ጠዋት ነገሩን ሲሰሙ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት ከየት ነው የምትመጣው?»

ቀን ያየሁትን ማታ አጣሁት

ቅዳሜን ጠብቄ ወረድኩ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱን ሁሉ የምላትን ሳዘጋጅ ነው የደረስኩት። ሻሸመኔን አልፈን፣ ጥቁር ውሃን ተሻግረን ከተማዋ ስትታይ እንደ ድሮው ልቤ ደስ አላለውም።

ልጅቷ ብዙ አልተናገረችኝም። «ና» ብላ መንገዱን አሳየችኝ። ቀን 8 ሰዓት ነበር። ምን ልበላችሁ... ውብ ነው! ሕፃናት ብስክሌት ይነዳሉ፣ ወፎች ይንጫጫሉ። «እዚህ ነው?» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። አየችኝ። «ማታ እንመለስ» አለች።

ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለስን። አንባቢዎቼ፣ ያንኑ መንገድ አጣሁት። ያ ጥላ የነበረ ዛፍ ማታ ጨለማ ላይ ጨለማ ጨምሯል። ያ «ጸጥታ» ያልኩት ነገር ሰው አለመኖር ነው። ብትጮኹ የሚሰማችሁ የለም፤ ቢሰማም ከፍ ያለው አጥር ውስጥ ሆኖ ነው፣ በሩን እስኪከፍት ነገሩ አልቋል። እኔ በ2009 ዓ.ም. በተመሳሳይ ሰፈር፣ በባሰ ሰዓት እያፏጨሁ ሳልፍ ምን ነበር የማየው? ምንም! ማየት አላስፈለገኝማ። ያኔ ራሴ ለሌላ ሰው የሚያስፈራ ኮቴ ሳልሆን አልቀርም። ከፊቴ ስትሄድ የነበረች አንዲት ልጅ እርምጃዋን ስታፈጥን አይቼ «ምን ሆና ነው?» ብዬ የሳቅሁበት ማታ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

የሰፈሩን ስም ለምን እንደማልጽፍ የሚጠይቀኝ ይኖራል። ከአስፋልቱ ማዶ በዚያው ሰፈር ስም የሚጠራ፣ መብራት ያለው፣ ሰው የሚርመሰመስበት መንገድ ስላለ ነው። የሰፈር ስም አንዴ ከከፋ ደግሞ አይታጠብም፤ እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሥራ ሲጠይቅ ሳይቀር ይከተለዋል። ሰላም የሚባለው ነገር በሰፈር ስም የሚታደል ሳይሆን ከባጃጅ መውረጃው እስከ በራችሁ ድረስ ያለው መንገድ ነው፤ እሱም እናንተ በምትሄዱበት ሰዓት!

«ስሙ የከፋው ሰፈር»

ከእሷ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። የሚኖረው ወደ መናኸሪያው አቅራቢያ፣ ደላሎች «ለእንግዳ አይሆንም» ከሚሉት ሰፈር ነው። «እስቲ ማታ ኑና እዩት» አለን። ሄድን። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ባጃጅ ተራው ገና ይጮሃል። አንዲት እናት ድንች ይጠብሳሉ፣ ዙሪያቸውን ልጆች ከበዋቸዋል። ሁለት ሱቆች በትይዩ ክፍት ናቸው። ጆተኒ የሚጫወቱ ጎረምሶች ጎል በገባ ቁጥር ሰፈሩን ያናውጡታል። ነጠላቸውን የተከናነቡ ሁለት ሴቶች ከለቅሶ ቤት እያወሩ ይመለሳሉ፤ ቀስ እያሉ ነው የሚሄዱት። የእኔን ዓይን የያዘው የእነሱ እርምጃ ነው። ፈርታ የምትሄድ ሴት እንደዚያ አትሄድም።

«ሌባ የለም ታዲያ?» አልኩት ልጁን።

ሳቀ። «አለ እንጂ! ሌባ የሌለበት የት አለ? ግን እዚህ ልብስህ ከገመድ ላይ ይጠፋ ይሆናል፤ አንተን ግን ማንም አይነካህም። ስትጮህ ሃያ ሰው ነው የሚወጣው።»

ይህን ስል ግን «መናኸሪያ አካባቢ ሁሉ ገነት ነው፣ ሂዱ» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ሁለተኛ አልደግምም! መናኸሪያ አካባቢ ጠዋት በ11 ሰዓት ሌላ መልክ አለው፤ ሻንጣ የያዘ እንግዳ ላይ ዓይን ይበዛል፣ ሞተር ላይ ሆኖ ስልክ የሚነጥቅም አይጠፋም። ጫጫታው ደግሞ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው መከራ ነው። አረቄ ቤት በጎን ካለ ሌላ ጣጣ ነው፤ የሰከረ ሰው በር አይለይም። ልጁ ራሱ ሁለት ጊዜ ክፍል ቀይሯል፣ ያውም እዚያው ሰፈር ውስጥ። የመጀመሪያዋ ክፍል ከግሮሰሪ ጀርባ ነበረች፤ አሁን ያለባት ከሁለት ቤት በኋላ ናት፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነው።

ባጃጅ ነጂ ሂሳቡን ያውቃል

ከዚያ በኋላ ቤት ፍለጋ እንደ አዲስ ወጣን፤ በዚህኛው ዙር የተማርኩት በሰባት ወር ኑሮዬ ካወቅሁት ይበልጣል።

አንደኛ ነገር፣ ቸኩላችሁ አትከራዩ። አቅም ከፈቀደ ሳምንት አሥር ቀን ርካሽ ፔንሲዮን ወይም ዘመድ ቤት ማረፍ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! ሐዋሳን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የታኅሣሥ 19 እና የሐምሌ 19 ገብርኤል ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ከተማዋን ስለሚሞላት ማረፊያ ይወደዳል፣ ደላላም ይኮራል፣ የሰፈሩም እውነተኛ መልኩ አይታይም። ያንን ሳምንት አሳልፋችሁ ፈልጉ።

ደላላ ቤት የሚያሳየው ቀን ነው። ይሁን፣ ቀን እዩት። ግን ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሥራ ከምትወጡበት ሰዓት ትንሽ አሳልፋችሁ፣ በተለይ መብራት በጠፋበት ማታ፣ ሰው ይዛችሁ ተመለሱ። መብራት የጠፋ ቀን ሰፈር ራቁቱን ነው የሚታየው። ከመውረጃው እስከ በሩ ስንት እርምጃ ነው? ስንት ሱቅ ክፍት ነው? ወደ መንገዱ የሚከፈት በር ስንት ነው? ሴቶችና ሕፃናት አሉ ወይ? አጥሩ ላይ ያለው ሽቦ አያታልላችሁ፤ ሽቦ ንብረት ይጠብቃል፣ መንገድ ላይ ያለችን ሴት አይጠብቅም።

ሰው መጠየቅስ? ደላላውን «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ማለት ዳቦ ሻጭን «ዳቦህ ይጣፍጣል?» እንደማለት ነው። ባለቤቱም ያው ነው። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ይኸውላችሁ፤ ባጃጅ ተራ ሄዳችሁ፣ ቤት እንደምትፈልጉ ሳትናገሩ፣ «ከምሽቱ 3 ሰዓት እዚያ ድረስ ኮንትራት ስንት ነው?» በሉ። ቀን ከሚጠይቀው ትንሽ ከጨመረ ያለ ነው፤ ማታ ነው። እጥፍ ካለ «ለምን?» በሉት። «አልሄድም» ካለ ነገሩ ተፈታ! ባጃጅ ነጂ ንብረቱንና ነፍሱን አስይዞ ነው የሚያሰላው፤ ለማንም ብሎ አይዋሽም። እኛ አምስት ቦታ እንዲህ ጠየቅን። ሁለቱን እዚያው ሰረዝናቸው። አንደኛው በጣም የሚያምር ቤት ነበር፣ ልጅቷ አሁንም ስታልፍ ዘወር ብላ ታየዋለች።

ሌላው የጠየቅኋቸው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሴቶች ናቸው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ከተመረቀ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከገጠር፣ ሐዋሳ ገብተው ክፍል ተከራይተዋል። አራትም አምስትም ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። ሥራው በፈረቃ ስለሆነ ሲመሽ የሚወጡ፣ ገና ሳይነጋም የሚገቡ አሉ። የእነሱ ደመወዝ የእኛዋን ልጅ ኪራይ አይሸፍንም፤ እውቀታቸው ግን! አንዷን፣ «ቤት ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?» አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝና፣ «ሰርቪሱ የሚያቆምበትን ነዋ!» አለች። «ከዚያ አብረን የምንወርድ ስንት እንደሆንን። ብቻዬን የምወርድበት ቦታ ቤቱ በነፃ ቢሆን አልገባም።» እኛ ቤቱን አይተን መንገዱን እንፈልጋለን፤ እነሱ መንገዱን አይተው ቤቱን ይፈልጋሉ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልተማሩትም፤ እኔም አልገባሁም፣ ግን አላወቅሁትም።

ግቢው ውስጥ ያለው ጣጣ

መንገዱ ካለፈ ወደ ግቢው እንግባ። እዚህ ላይ ፈጠን ልበል፤ ብዙው ነገር ከየትኛውም ከተማ ጋር አንድ ነው። ቁልፉን ቀይሩ! ከእናንተ በፊት የነበረው ተከራይ፣ የእሱ ጓደኛ፣ የጓደኛው ጓደኛ ቁልፍ እንደሌላቸው በምን ታውቃላችሁ? ሽንት ቤቱ ውጪ ከሆነ ከክፍላችሁ እስከዚያ ድረስ አምፖል መኖሩን እዩ። የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ነው የሚቆለፈው? አንዳንድ ባለቤቶች 2 ሰዓት ላይ ጥርቅም አድርገው ይተኛሉ፤ ለሥነ ምግባር ብለው ነው፣ ውጤቱ ግን አምሽታ የሠራች ልጅ በር ላይ ቆማ መቅረቷ ነው። ይህን ከመግባታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ፤ «እትዬ፣ የወር መጨረሻ አመሻለሁ፤ የበሩን ቁልፍ ይሰጡኛል?» ማለት ነውር አይደለም። ፊታቸው ከጠቆረ ሌላ ቤት ነው።

ሐይቁን ለሚወዱ ደግሞ አንድ ቃል። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ የገባበት ውሃ በወንዝ አይወጣም፤ ክረምቱ ሲበረታ ከፍ ይላል። ዝቅ ያለ ቦታ ስትከራዩ ግድግዳው ላይ ያለውን የውሃ ምልክት ፈልጉ፤ አዲስ ቀለም ከታች ብቻ ከተቀባ ጠርጥሩ። አጎበር ግዙ፣ ወባ አለ። በጣም ዳር ለሚሄዱ ደግሞ ማታ ማታ ለግጦሽ የሚወጣው ጉማሬ አለ። እሱ ስልክ አይነጥቅም፣ ግን አይምርም!

ብሩን በተመለከተ የራሴን ቁስል ልንገራችሁ። በ2009 ዓ.ም. የስድስት ወር ኪራይ አንድ ላይ አምጣ ተባልኩ፤ ከፈልኩ። ጽሑፍ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ «ልጄ ነህ» ብቻ። በአራተኛው ወር የባለቤቱ ዘመድ ከገጠር መጣና ልቀቅ ተባልኩ። የሁለት ወሩ ብር እዚያው ሐይቁ ውስጥ ገባ። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራበት የሚወስኑት ክልሎቹ ስለሆኑ፣ የምትሄዱበት ከተማ ቀበሌ ጎራ ብሎ መጠየቅ ነው። የእኛዋ ልጅ የሦስት ወሩን ከፍላ ስለነበር ለመልቀቅ የፈራችው አንዱ ነገር ይኸው ብር ነበር። ከፍርሃት ጋር እንድትኖር ያደረጋት ሌባው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የከፈለችው ብርም ነው። ከብዙ ንዝንዝ በኋላ የአንዱን ወር መለሱላት።

ሰው ካላወቃችሁ

አንድ ነገር ሳልነካ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። «እኔ ከሌላ አካባቢ የመጣሁ ነኝ፣ ቋንቋውን አላውቅም፣ ግርግር ቢነሳስ?» የሚል ጥያቄ በየወጣቱ ሆድ ውስጥ አለ። ጥያቄው ከመሬት አልተነሳም። ሐዋሳ በ2010 ዓ.ም. ሰኔም በ2011 ዓ.ም. ሐምሌም ክፉ ቀን አይታለች፤ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤት ንብረት ወድሟል። ከተማዋ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። እነዚያን ቀናት እዚያው ያሳለፉ አንድ ልብስ ሰፊ፣ እሳቸውም ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው፣ እንዲህ አሉኝ፤ «ያኔ ልጆቼን ቤቷ አስገብታ በሩን የዘጋችው ሲዳማ ጎረቤቴ ናት። አሥር ዓመት ቡና አብረን ጠጥተናል። እሷን ባላውቃት ኖሮ አጥሬ ምን ያደርግልኝ ነበር?» ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም፤ ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ስለዚህ ስትገቡ በራችሁን ዘግታችሁ ስልክ ላይ አትጣዱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት። ከቀድሞ ቀበሌያችሁ መሸኛ አውጥታችሁ ሂዱና በአዲሱ ተመዝገቡ፤ «ማን ናት?» ሲባል «የእነ እትዬ ግቢ ልጅ» የሚል ሰው ይኑር። አንድ ሱቅ ምረጡና ዕቃችሁን ሁሌ ከዚያ ግዙ፣ አሥር ብር ቢወደድም። ቡና ሲጠሯችሁ «ሥራ አለብኝ» አትበሉ። «ኬሬሆ» ብሎ ሰላምታ መስጠትን በመጀመሪያው ሳምንት ተማሩ፤ «ኬሬ» በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። አነጋገራችሁ ቢያስቃቸውም ጥሩ ነው፤ የሳቁባችሁን ሰው አይረሱትም።

ለወንዶችም አንድ ነገር። ማታ መንገድ ላይ ከፊታችሁ ብቻዋን የምትሄድ ልጅ ካለች መንገዱን ተሻገሩና በወዲያኛው በኩል እለፉ። ምንም አያስከፍልም። እኔ የ20 ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም።

ልጅቷ ተዛውራለች። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ያነሰ ነው፤ አንድ ክፍል ናት፣ ከፊት ለፊቷ የባልና ሚስት ሱቅ አለ፣ ሐይቁ አይታይም። ግቢው ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ስለሚኖር ሕፃናት ጠዋት በ12 ሰዓት ይቀሰቅሷታል፤ በዚህ ትማረራለች። ወር ሲዘጋ ስታመሽ ባጃጁ ሱቁ በር ላይ ነው የሚያወርዳት። ባለሱቁ፣ «ዛሬም ሒሳቡ አልዘጋም?» ይላታል፣ ዳቦዋን አስቀምጦ ይጠብቃታል። ከመውረጃው እስከ በሯ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ እሱንም ቆጥሬዋለሁ።

እኔን ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልማረችኝም። ባለፈው ስንደዋወል ሳላስበው፣ «እዚያ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዓሣ ቤት አለልሽ፣ በጣም ሰላም ቦታ ነው...» ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም። «በስንት ሰዓት?» አለችኝ።